ሐዲዱ የማን ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያና ሦስቱ ባቡሮቹ

ፐርፕል ላይን የተባለው አዲሱ ባቡር የሙከራ ጉዞ ከጀመረ ወዲህ በሜሪላንድ ሐበሻ መሀል ወሬው በዝቷል። "ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ ሜትሮ ሊገባላት ነው" የሚል አለ። "ከእንግዲህ ዲሲ ለመግባት ሬድ ላይን ምን ያደርጋል?" የሚልም አይጠፋም። ሌላው ደግሞ "ያው ጠዋት ጠዋት የሚቆመው ማርክ ነው፤ ስሙን ነው የቀየሩት" ይላል።

ሬድ ላይን ዛሬ በጣቢያው የሚያልፈው የሜትሮ መስመር ነው፤ ማርክ ደግሞ የሜሪላንድ ግዛት ባቡር ነው። ሦስቱም ወሬዎች ልክ አይደሉም። ግን ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በአንድ ጣቢያ ሁለት ዓይነት ባቡር ይቆማል፤ ሦስተኛው በመንገድ ላይ ነው። ትኬታቸው ይለያያል። የሚሠሩበት ሰዓት አይገናኝም። አንዱ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ተሳፋሪ ስለሌለ ነው" የሚል ነው። ይህ መልስ ግን ነገሩን ገልብጦ የሚያይ ይመስለኛል። የትኛው ባቡር መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ከተሳፋሪው ብዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ሐዲዱ የማን ነው የሚለው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ሐዲድ፣ ሁለት ጌታ

ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለች፣ ከዲሲ ድንበር የምትጎራበት ሰፈር ናት። ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ቦታዎች አንዷ ናት። ካውንቲው ከጎንደር ጋር የእህትማማች ከተማ ስምምነት አለው፤ ለነዋሪው የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎችም በአማርኛ ጭምር ያትማል።

ጣቢያው ከኮልስቪል ሮድ በላይ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። መኪናው በሥር ያልፋል፣ ባቡሩ በላይ። የሜትሮው መድረክ ላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ቢያይ አራት ሐዲድ ይቆጥራል። መሀል ያሉት ሁለቱ የሜትሮ ናቸው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ደግሞ ሲኤስኤክስ የተባለ የግል የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ናቸው። የማርክ ባቡር የሚቆመው በእነዚህ በዳር ባሉት ላይ ነው።

ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። አንድ ግን አይደሉም። የሜትሮ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,429 ሚሊ ሜትር ነው። የጭነት ባቡሩ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሁለቱ የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። ሜትሮ የሚሄደው ከጎን በተዘረጋ ኤሌክትሪክ በሚሸከም ሦስተኛ ብረት ነው። ማርክ በዚህ መስመር የሚሄደው በናፍጣ ነው። የአንዱ ባቡር ተበላሽቶ ቢቆም የሌላው ሐዲድ ሊያሳልፈው አይችልም።

ሜትሮ፦ የሦስት መንግሥታት ማኅበር

በቀላሉ ከሚገባው እንጀምር። ሜትሮን የሚያስተዳድረው ዋማታ የሚባለው ድርጅት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በ1967 በስምምነት ያቋቋሙት ነው። ሐዲዱም ባቡሩም ጣቢያውም የራሱ ነው። ስለዚህ ባቡር ለመጨመርም ሆነ ለመቀነስ ማንንም አያስፈቅድም፤ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የተከፈተችው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1978 ነው። በሜሪላንድ ምድር የመጀመሪያዋ የሜትሮ ጣቢያ እሷ ነች። እስከ 1990 ድረስም የመስመሩ መጨረሻ ነበረች። ከዚያ መስመሩ ወደ ፎረስት ግሌንና ዊተን ተቀጠለ፤ በ1998 ደግሞ ግሌንሞንት ደረሰ። ብዙ አውቶቡሶች እስከ ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚሰበሰቡት የመስመር መጨረሻ ሆና በቆየችባቸው ዓመታት ነገሩ እንደዚያ ስለተለመደ ጭምር ነው።

የሜትሮ ሰዓት ለቢሮ ሠራተኛ ብቻ የተሠራ አይደለም። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። በሥራ ቀን ዋጋው በርቀት ይለያያል። ቅዳሜና እሑድ ግን የትም ይኬድ ከ2.50 ዶላር አይበልጥም። ሆስፒታል ወይም ሆቴል ውስጥ በሺፍት የሚሠራ ሰው ሬድ ላይንን የሙጥኝ ያለበት ምክንያት ይኸው ነው።

ማርክ ለምን ቅዳሜ የለም?

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ። ማርክ የሜሪላንድ ግዛት የኮሚውተር ባቡር ነው። ኮሚውተር ባቡር ማለት ከከተማ ዳር ያሉ ሠራተኞችን ጠዋት ወደ መሀል ከተማ አምጥቶ ማታ ወደ ቤታቸው የሚመልስ ባቡር ነው። ጣቢያዎቹ ይራራቃሉ። ወንበሩ ይደላል። ግን እንደ ሜትሮ በየደቂቃው የሚመጣ አይደለም፤ ካመለጠ አመለጠ ነው።

ማርክ ሦስት መስመር አለው፦ ፔን፣ ካምደንና ብረንስዊክ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚቆመው ብረንስዊክ ላይን ነው። ይህ መስመር ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በሮክቪል፣ በጌይተርስበርግና በጀርመንታውን አድርጎ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ ድረስ ይዘልቃል። በ2001 ደግሞ ወደ ፍሬድሪክ የሚገነጠል ቅርንጫፍ ተከፍቶለታል። የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ጠዋት ወደ ዲሲ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላና ማታ ከዲሲ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ የለም።

ለምን? ሐዲዱ የሜሪላንድ አይደለማ።

ይህ የባቡር መንገድ የተከፈተው በ1873 ነው። የሠራው ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተባለው የጥንቱ ኩባንያ ነው። በጆርጂያ ጎዳና ዳር በ1945 የሠራው ትንሽ የጡብ ጣቢያ እስከ ዛሬ በቅርስነት ቆሟል። ኩባንያው በኋላ ወደ ሲኤስኤክስ ተጠቃለለ፤ ሐዲዱም አብሮ ሄደ። በአሜሪካ የባቡር ሐዲድ በአብዛኛው የግል ጭነት ኩባንያዎች ንብረት ነው። መንግሥት ብዙ ቦታ ተከራይ ነው። ከሀገር ቤት ለመጣ ሰው ይህ ግር ሊል ይችላል። እኛ ዘንድ ባቡር ሲባል መንግሥት ነው የሚታሰበን።

እዚህ ላይ አንድ ሕጋዊ ልዩነት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰው አምትራክ በፌዴራል ሕግ በጭነት ኩባንያዎች ሐዲድ የመሄድ መብት አለው። ከጭነት ባቡርም ቅድሚያ ይሰጠዋል። ይህ መብት የተሰጠው ኮንግረስ አምትራክን ሲያቋቁም ኩባንያዎቹን ከኪሳራ የመንገደኛ አገልግሎታቸው ስለገላገላቸው ነው። እንደ ማርክ ያለ የግዛት ኮሚውተር ባቡር ግን እንዲህ ያለ መብት የለውም። መደራደር አለበት። በቀን ስንት ባቡር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ክፍያ የሚለው ሁሉ በውል ነው።

ስለዚህ ሜሪላንድ የቅዳሜ ባቡር ብትፈልግ ባቡርና ሾፌር ማዘጋጀት ብቻ አይበቃትም። ባለ ሐዲዱን እሺ ማሰኘት አለባት። ሲኤስኤክስ ደግሞ ይህን መስመር እንዲሁ የሚለቀው አይደለም። ከምሥራቅ ጠረፍ ወደ መሀል አሜሪካ፣ ወደ ፒትስበርግና ቺካጎ አቅጣጫ ጭነት የሚያሻግርበት ዋና መንገዱ ነው።

ማስረጃው እዚያው ማርክ ውስጥ አለ። ፔን ላይን የሚሄደው በአምትራክ ሐዲድ ላይ ነው። ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል። ድርጅቱ አንድ፣ ግዛቱ አንድ፣ ባለ ሐዲዱ ግን ሌላ። በሲኤስኤክስ ሐዲድ የሚሄዱት ብረንስዊክና ካምደን ደግሞ ሁለቱም ቅዳሜና እሑድ የላቸውም። በአጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

የጭነት ኩባንያውም ክርክር አለው

ነገሩን የስግብግብ ኩባንያ ታሪክ ማድረግ ቀላል ነው። ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። አንድ ረጅም የጭነት ባቡር በመቶ የሚቆጠር የጭነት መኪና የሚሸከመውን ይዞ ይሄዳል። የጭነት ባቡሩ በቆመ ቁጥር ዕቃው ወደ አውራ ጎዳና ይወርዳል። በሁለት ሐዲድ ላይ በየጣቢያው የሚቆም ባቡርና ሳይቆም የሚጓዝ ረጅም ባቡር ማቀላቀል ደግሞ ለሰዓት ሠሌዳ አውጪው ራስ ምታት ነው። ኩባንያው "ተጨማሪ የመንገደኛ ባቡር ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ሐዲድ ሥሩ" ቢል የማይገባ ነገር አልተናገረም።

በዚህ መስመር ሦስተኛ ሐዲድ ይጨመር የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ ቆይቷል። ወጪው ብዙ ነው። በሐዲዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች መሬታችን ይነካል ብለው ይሰጋሉ። የማርቲንስበርጉ ጫፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ ያለው አገልግሎት ዌስት ቨርጂኒያ በምትከፍለው ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2019 ክፍያው ላይ ስምምነት ጠፍቶ ባቡሮቹ ሊቀነሱ ጫፍ ደርሰው ነበር። አንድ መስመር፣ ሁለት ግዛት፣ አንድ የግል ኩባንያ። ማንም ብቻውን አይወስንም።

ቨርጂኒያ ሌላ መንገድ መርጣለች። በ2019 መጨረሻ ከሲኤስኤክስ ጋር ተስማምታ የባቡር መሬቱን ከፊልና የተወሰነውን ሐዲድ ለመግዛትና አዲስ ለመሥራት 3.7 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቅድ አወጣች። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ለመንገደኛ ባቡር የሚሆን አዲስ ድልድይም በዕቅዱ ውስጥ አለ። በልመና ከመኖር ገዝቶ መገላገል ይሻላል ብላ ነው። ለሜሪላንድም ይህ መንገድ የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ቢያንስ ለረጅም ጊዜ ከታሰበ። ግን ቨርጂኒያ ያገኘችው ዕድል ሁሌ የሚገኝ አይደለም። ሻጭም መኖር አለበት።

"ተሳፋሪ የለም" የሚለው ክርክርስ? ከኮቪድ በኋላ በመላው አሜሪካ ኮሚውተር ባቡሮች ክፉኛ ተጎድተዋል። እንደ ማርክ ያለው ባቡር የኖረው በቢሮ ሠራተኛ፣ በተለይም በፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው። ቢሮው ቤት ውስጥ ሲገባ ባቡሩ ባዶ ሆነ። ይህ እውነት ነው። ግን ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለሁለት ወገን ይሠራል። አንዱ ወገን "የማይሞላ ባቡር ለምን ይጨመራል?" ይላል። ሌላው ደግሞ "ለቢሮ ሰዓት ብቻ የተሠራ ሠሌዳ ሌላ ተሳፋሪ ከየት ያምጣ?" ይላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ጠዋት ጀርመንታውን ሥራ የሚገባ ሰው በማርክ ልሂድ ቢል ባቡሩ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሚመጣው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ጭራሽ አያገኘውም። እነዚህ ሰዎች በቆጠራው ውስጥ የሉም። የሌለ ባቡር ተሳፋሪ አይቆጠርምና።

የ1996ቱ አደጋ

ጭነትና መንገደኛ በአንድ ሐዲድ ሲሄዱ የደኅንነቱም ጉዳይ አለ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1996 ምሽት፣ በረዶ በሚጥልበት ሰዓት፣ ወደ ዲሲ የሚገባ የማርክ ባቡር ከዲሲ ከሚወጣ የአምትራክ ባቡር ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ተጋጨ። ማርክ ላይ የነበሩ 11 ሰዎች ሞቱ። ሦስቱ የባቡሩ ሠራተኞች ነበሩ። የፌዴራል መርማሪዎች የደረሱበት ድምዳሜ ሠራተኞቹ ኬንሲንግተን ጣቢያ ከመድረሳቸው በፊት ያዩትን የ"ቀንስ" ምልክት ከጣቢያው ሲነሱ ዘንግተውታል የሚል ነው። እሳቱ ደግሞ መውጫ አሳጣቸው።

ከዚያ በኋላ የመንገደኛ ባቡሮች የአደጋ መውጫ በርና መስኮት ደንብ ተጠናከረ። ሾፌር ምልክት ቢስት ባቡሩን በራሱ የሚያቆም ሥርዓት በሕግ የግድ የሆነው በ2008 ነው። በየቦታው ተዘርግቶ ያለቀው ደግሞ በ2020 መጨረሻ።

ፐርፕል ላይን ሜትሮ አይደለም

የሬድ ላይን ቅርጽ በካርታ ላይ ሲታይ የፈረስ ኮቴ ይመስላል። ከግሌንሞንት ወርዶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ዲሲ ይገባል፤ ከዚያ ዞሮ በቤተዝዳ በኩል ወደ ሻዲ ግሮቭ ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግና ቤተዝዳ ጎረቤት ናቸው። በሜትሮ ለመገናኘት ግን ዲሲን መሀል ለመሀል ዞሮ መመለስ ያስፈልጋል። ሐዲዶቹ ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ነው የሚያመሩት፤ ዳርን ከዳር የሚያገናኝ የለም።

ፐርፕል ላይን የተፈለገው ለዚህ ነው። ከቤተዝዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በላንግሊ ፓርክ፣ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኩል ኒው ካሮልተን ይደርሳል። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 21 ጣቢያ ይኖረዋል። ዲሲ አይገባም። "ሬድ ላይን ምን ያደርጋል?" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዲሲ ለመግባት ያው ሬድ ላይን መያዝ ነው።

ቀለም በስሙ ስላለ ሜትሮ ይመስላል። ባለቤቱ ግን ዋማታ ሳይሆን የሜሪላንድ ግዛት ነው። ባቡሩም ሌላ ዓይነት ነው፤ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በከፊል ከመኪና ጋር በመንገድ ላይ የሚጓዝ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያየ ሰው በዓይነቱ እሱን ያስታውስ። መጠኑ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ባቡር ከ40 ሜትር በላይ ርዝመት አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያለው መስመር በቅርብ ሲታይ ይገርማል። ጣቢያው ከሜትሮው አጠገብ በከፍታ ይቆማል። ከዚያ ባቡሩ ቦኒፋንት ጎዳና ላይ ይወርዳል። በ2015 የተከፈተው ላይብረሪ ገና ሲነደፍ ለዚህ ባቡር ማለፊያ ተትቶለት ነው የተሠራው። ሁለተኛው የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ እዚያው ላይብረሪው ዘንድ ነው።

መዘግየቱን ብዙ ሰው ይቀልድበታል። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ግንባታው በ2017 ተጀምሮ በ2022 እንዲያልቅ ነበር የታሰበው። ገና ሳይጀመር በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ ቆየ፤ በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፈቃዱን ሰርዘው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነው በ2017 የመለሰው። ሥራው የተሰጠው በመንግሥትና በግል ሽርክና ነው። ይህ ማለት ግዛቱ አንድን የኩባንያዎች ስብስብ "አንተው ገንዘብ አምጥተህ ንደፍ፣ ሥራ፣ ለዓመታትም አስተዳድር፤ እኔ በየጊዜው እከፍልሃለሁ" ይለዋል ማለት ነው። ውሉ 36 ዓመት የሚሸፍን ሲሆን በ2016 5.6 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። መሬትና የቧንቧ መስመር በወቅቱ ስላልተነሳልን ተጨማሪ ይከፈለን ያለው ዋናው ተቋራጭ ከግዛቱ ጋር ሳይስማማ ቀረና በ2020 ሥራውን ጥሎ ወጣ። ጉዳዩ በ250 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። አዲስ ተቋራጭ በ2022 ሲገባ የውሉ ዋጋ ከ9 ቢሊዮን አልፏል። አሁን የተያዘው ቀጠሮ የ2027 መጨረሻ ነው።

የሽርክናው ደጋፊዎች "አደጋው ወደ ግል ኩባንያ ይተላለፋል" ይሉ ነበር። ተቺዎቹ ዛሬ "የቱ ተላለፈ?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ተቋራጩ መውጣት ችሏል፤ ግዛቱ መውጣት አይችልም።

ጥቅሙን ማሳነስ ግን አይገባም። ፐርፕል ላይን ሦስቱንም የማርክ መስመሮች ያገኛል። ብረንስዊክን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ፣ ካምደንን ኮሌጅ ፓርክ ላይ፣ ፔንን ኒው ካሮልተን ላይ። ዛሬ በእነዚህ መስመሮች መሀል ለመቀያየር ዩኒየን ስቴሽን ድረስ መግባት የግድ ነው። ለሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ደግሞ ትልቁ ትርፍ ፔን ላይን ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው የማርክ መስመር እሱ ነዋ። ባልቲሞርና ቢደብሊውአይ ኤርፖርት ዲሲን ሳይረግጡ ሊደረስባቸው ነው። ለደለስ ኤርፖርት ግን ለውጥ የለውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ሻንጣ የያዘ ሰው እንደ አሁኑ በሬድ ላይን ሜትሮ ሴንተር ወርዶ ሲልቨር ላይን መያዝ አለበት። ከ2022 ጀምሮ ኤርፖርቱ በር ድረስ ይደርሳል፤ መንገዱ ግን ከአንድ ሰዓት ይበልጣል።

አውቶቡሱ፣ ሕንጻውና ትኬቱ

ከባቡሩ ይልቅ በአውቶቡስ የሚመጣው ሰው ሁልጊዜ ይዘነጋል። የአውቶቡስ መናኸሪያው በቀድሞው ሴናተር በፖል ሳርቤንስ ስም ተሰይሟል። በ2011 ይጠናቀቃል የተባለው ሕንጻ የተከፈተው በሴፕቴምበር 2015 ነው። ኮንክሪቱ ተሰነጠቀ። አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከንድፉ ቀንሶ ተገኘ። በ2013 የወጣ የምህንድስና ሪፖርት ችግሩ የንድፍም የሥራም ነው አለ። ተጨማሪ የኮንክሪት ሽፋን ፈስሶበት፣ ክስ ተከሶበት፣ በመጨረሻ ሥራ ጀመረ።

ከ2025 ወዲህ ደግሞ ሁለት ለውጥ መጣ። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ በነጻ ሆነ። ሜትሮ ባስ በበኩሉ የመስመሮቹን ስምና ቁጥር በአንድ ሌሊት ለወጠ። ለዓመታት "70 ቁጥር" ሲል የኖረ ሰው አዲስ ስም መሸምደድ ነበረበት።

ትኬቱ ነው አሁንም ያልተስማማው። ስማርትሪፕ ካርድ ለሜትሮና ለአውቶቡስ ይሠራል። ከሜይ 2025 ጀምሮ በሜትሮው በር የባንክ ካርድ ማስነካትም ይበቃል። ማርክ ላይ ግን ስማርትሪፕ አይሠራም። በስልክ ቻርምፓስ በተባለው መተግበሪያ ወይም ከማሽን ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ሁለቱ መድረኮች የሚራራቁት በጥቂት ርምጃ ነው። በገንዘብ በኩል ግን አይተዋወቁም። ፐርፕል ላይን ሲመጣ ሦስተኛ ዓይነት ክፍያ ከተጨመረ ለቸኮለ ሰው ጣጣ ነው። ባቡር ከመጨመር ይልቅ ይህን ማስተካከል ርካሽ ነው፤ የሚፈልገው የሁለት ድርጅቶችን ፈቃደኝነት ነው።

ሬንትና ሱቅ

የፐርፕል ላይን ወሬ ሲነሳ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ሬንት ይጨምራል ወይ?" ነው። ባቡር በቀረበበት ቦታ ቤት ይወደዳል፤ ይህ በብዙ ከተማ የታየ ነው። ያረጁና ርካሽ አፓርትመንቶች ያሉት ደግሞ በዚሁ መስመር ዳር ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ላንግሊ ፓርክ። ባቡሩ በጣም የሚጠቅመው መኪና የሌለውን ተከራይ ነው። ባቡሩ ሲደርስ እዚያ ላይኖር የሚችለውም እሱ ነው።

የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በ2023 የሬንት ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ዓመታዊ ጭማሪው የዋጋ ግሽበቱ ላይ 3 በመቶ ተጨምሮ፣ ቢበዛ ግን 6 በመቶ ነው። የቤት አልሚዎች ሕጉ አዲስ ግንባታን ያስፈራል ይላሉ። ቤት ካልተሠራ ደግሞ ቆይቶ ኪራይ መወደዱ አይቀርም። ተከራዮች በበኩላቸው የሚቀጥለው ዓመት ሳያስወጣቸው የሚቆዩበት ዋስትና ይፈልጋሉ። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። ሕጉ ራሱ መሀል ለመሀል ለመሄድ ሞክሯል፤ ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸውን ሕንጻዎች አይነካም። ስለዚህ ጣቢያው ዙሪያ አዲስ ፎቅ ውስጥ የሚከራይ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሕንጻውን ዕድሜ ቢጠይቅ አይጎዳም።

የሱቆቹ ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ቦኒፋንት ጎዳና ላይ ለዓመታት መንገድ ሲቆፈር፣ ሲዘጋ፣ ፓርኪንግ ሲጠፋ ቆይቷል። በመስመሩ ዳር ካሉት ትናንሽ ንግድ ቤቶች ብዙዎቹ የስደተኞች ናቸው። ግዛቱ ለተጎዱት የተወሰነ የገንዘብ ድጋፍ ሰጥቷል። ግን ደንበኛ አንዴ ሌላ ቦታ መብላት ከለመደ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ባቡሩ ይመጣል፤ እግረኛው ይበዛል፤ የሱቁ ቦታ ዋጋ ያወጣል። የሬንት ገደቡ ግን ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የንግድ ቤት ኪራይን አይሸፍንም። ውሉ በ2027 ወይም በ2028 የሚያልቅ ባለ ሱቅ ድርድሩን አሁኑኑ፣ ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር፣ ቢከፍት ይሻለዋል።